ማማውን ቤት ነው ያልኩ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ በስልክ ስናዘዝ እንኳ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ኃጢአት መሆኑን እርግጠኛ አልነበርኩማ! ምናልባት እናንተ የምታነቡት ትለዩልኝ ይሆናል።

ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ከከድጃ ጋር እንሠራ ነበር። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ እሷ የወሎ ገበሬ ልጅ። ከቀድሞ አሠሪዎቿ ጠፍታ የመጣች ናት፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ አሠሪያችን ማዳም ጋደም ስትል ከድጃ ጣራ ላይ ካለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትገባለች። ከግቢው ተምር የተቆረጠውን ቅጠል ሰንጥቃ፣ በእርድና በከርከዴ አቅልማ፣ በወስፌ ትሰፋለች። ሞሰብ እንዳይመስላችሁ፤ የማሽላ ማሳ ነው የምትሰፋው። ዛላው ከብዶት የጎበጠ ማሽላ፣ ከላዩ የወፍ መንጋ። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከማየት በቀር አንዲት ቅጠል እንኳ አላቀበልኳትም።

አንድ ቀን እንዲደርቅ ኩሽና መስኮት ሥር ያስቀመጠችውን ትልቁን ስፌት የማዳም እህት አየችው። ደነቃት። ስልኳን አውጥታ፣ "ማን ናት የሠራችው? ከነስሟ ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ልላክ" አለች። ከድጃ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አየኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

እኔ ነኝ አልኩ። ፎቶዋ ወጥቶ የቀድሞ አሠሪዎቿ እንዳያገኟት ብዬ ነው? እንደዚያ ይመስለኛል። ታዲያ ሴትየዋ እጄን ይዛ "ማሻአላህ" ስትል ለምን ደስ አለኝ? ከማሳው መሃል በአራት እንጨት የቆመውን ነገር እየጠቆመች "ይህስ ምንድን ነው?" አለችኝ። አላውቅም። ከድጃን ጠይቄያት አላውቅማ። "በይት" አልኩ፤ ቤት ነው። ከድጃ አረብኛ ብዙ አትችልም። "በይት"ን ግን ታውቃለች።

ሳህን ስናጥብ፣ "ማማ እኮ ነው፣ እህቴ" አለችኝ ረጋ ብላ። "ወፍ የምንጠብቅበት። ያደግሁት እዚያ ላይ ወንጭፍ ይዤ ነው።"

"ለአንቺ ብዬ ነው እኮ!"

"ኸላስ፣ በቃ፣ ገብቶኛል" አለች።

ምኑ ነው የገባት?

በሳምንቱ ሴትየዋ ሌላ እንድሰፋላት ጠየቀችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ከድጃ ምንም ሳልላት ሰፍታ አልጋዬ ላይ አኖረችልኝ። ማሳውም ወፎቹም አሉ፤ ማማው የለም። በቦታው በርና መስኮት ያለው ቤት ሰፍታለች። ውሸቴን እውነት ልታደርግልኝ ነው? ወይስ ፊት ለፊት ያልሰደበችኝን በወስፌ መስደቧ ነው? ልጠይቃት ፈራሁ። ወስጄ ሰጠሁ። "እጅሽ ይባረክ" ተባልኩ፤ አሜን አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ከድጃ ወስፌ ስታነሳ አላየሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ እጇን ለፖሊስ ሰጥታ አገሯ ገባች።

ሰበቤ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ማንን ከማን እጠብቅ ነበር? "የእኔ አይደለም፣ የከድጃ ነው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ባለፈው ዓርብ እንኳ እንግዶች ሳሎን የተሰቀለውን ያንን የመጀመሪያውን ስፌት አይተው ሠሪዋን ሲጠይቁ፣ ማዳም ወደ እኔ ጠቆመች። እኔም እንደ ትሑት ሰው አንገቴን ደፋሁ።

የመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት ምን እንደሆነ ዛሬም አልለየልኝም። የዓርቡን ግን አውቀዋለሁ፤ ስርቆት ነው። ከድጃ፣ በዚህ ቤት ሰዎች ፊት ስምሽን እስክጠራ ድረስ፣ ይቅር በይኝ የምልበት አፍ የለኝም።