ለሰፊው ሕዝብ የተከፋፈለው ጋቢ

የታሰርሁበት ክፍል የራሴ መጋዘን ነበር። በሩን ሳሠራ እንጨቱን የመረጥሁት እኔው ነኝ፤ ሌባ እንዳይሰብረው ጠንካራ ይሁን ብዬ። እውነትም ጠንካራ ነበር። ሚሊሺያው ከውጭ ሲቀረቅረው ድምፁን አወቅሁትና፣ እንዲያው በዚያ ጭንቀት ውስጥ ፈገግ አልሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ መተማ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ጨው፣ የጎማ ጫማ፣ ማጭድ፣ ሲገኝ ደግሞ ስኳር እሸጥባታለሁ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጎጃምም ከወሎም ከራሳችንም ደጋ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ደገኛ ከቤቱ ሲወጣ ጋቢውን ለብሶ ነው። ቆላ ከገባ በኋላ ግን ጋቢ ሸክም ነው፤ እርሻው ላይ ቢያስቀምጠው ወይ ምስጥ ይበላዋል ወይ እሳት ይነካዋል። ስለዚህ ሱቅ ቤት በአደራ ያስቀምጠዋል። ጠቅልሎ፣ ከአገሩ ባመጣው ፈትል ወይም ጠፍር አስሮ፣ ራሱ ይቋጥረዋል። ስም አይጻፍበትም። ተቀባዩም ቋጠሮውን አይፈታም። ሰውየው አጨዳውን ጨርሶ ሲመለስ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገርና ይወስዳል። አባቴም ሲያደርግ ያየሁት ይኼንኑ ነው።

በዚያ ዓመት መጋዘኔ እስከ ጣሪያው ጋቢ ነበር።

አንድ ወጣት ካድሬ ከመሀል አገር ተመድቦ መጣ። ነጋዴ ዕቃ እየደበቀ ሕዝቡን አራቆተው የሚል ነገር በየስብሰባው ይነገር ነበር። ሐሰት አይደለም፣ የሚደብቅ ነበር። ልጁ መጋዘኔን አስከፍቶ ያን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ይህ ሁሉ የማን ነው?»

«የሰው ነው፣ ጌታው።»

«የየትኛው ሰው?»

«የሚመጣው ሰው ነዋ። አሁን አጨዳ ላይ ነው።»

«እስቲ ስማቸውን ጥራልኝ።»

ስማቸውን አላውቅም። ባለ ቀይ ፈትሉን አውቃለሁ፣ ባለ ጠፍሩን አውቃለሁ። ይኼን ስነግረው የቀለድሁበት መሰለው።

«ስንት ታስከፍላቸዋለህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ትጠቀማለህ?»

«ሲወርዱ ጫማ ከኔ ይገዛሉ። ሲወጡ ጨው ከኔ ይገዛሉ።»

«ትርፍ ነው እንግዲህ።»

«አዎ፣ ትርፍ ነው» አልሁት። እውነት ነዋ።

ጨርቅ አከማችቶ ተገኘ ተባልሁ። የፖሊስ ጣቢያው በሰው ሞልቶ ስለነበር እዚያው ከጋቢዎቹ ጋር ቆለፉብኝ። በማግሥቱ ጎረቤቴን አመጡልኝ። እሳቸው ከኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ከሱዳን የተሻገረ ስኳር ሱቃቸው ተገኝቶ ነው። ጀለቢያቸውን ሰብስበው ገቡና ዙሪያውን አዩ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እንግዳህ ነኝ። የት ላንጥፍ?»

«ከዚያ ጥግ ብቻ ራቅ ይበሉ። የአይጧ ቤት ነው።»

«እሷም ታስራ ነው?»

«የለም፣ እሷ ነባር ናት።»

ታኅሣሥ ገባ። ቆላ ቀን ያቃጥላል፤ ንጋት ላይ ግን ከወንዙ በኩል ቅዝቃዜ ይመጣል፣ የመጋዘኑም ቆርቆሮ ይቀዘቅዛል። እኔና ሐጂ ባዶ የሰሊጥ ጆንያ ለብሰን እንቀመጣለን። ሰውነታችን ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። ከአጠገባችን ያ ሁሉ ጋቢ ተቆልሏል።

«አንዱን ብንገልጠው ማን ያያል?» አሉኝ አንድ ጠዋት፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

«ቋጠሮው ያያል፣ ሐጂ።»

ቁልሉን አዩት። እኔን አዩኝ። «ኸላስ፣ በቃ» አሉ፣ «እንንቀጥቀጣ!» ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁም ትንሽ አሞቀን።

ከዚያ ሚሊሺያው ምግብ ሲያስገባልን ወሬ ይዞ ገባ። በመጪው ቅዳሜ ጋቢው ለሰፊው ሕዝብ ሊከፋፈል ነው አለ። ያኔ ሳቄ ጠፋ። እስሩ እምብዛም አልከበደኝም ነበር። ደገኛ ግን ለገና አገሩ የሚገባው በጋቢው ነው። እኔን አምኖ ያስቀመጠው ዕቃ ከጠፋ ልጆቼ የአደራ በላ ልጆች ተብለው ሊቀሩ ነው።

«እኔን እስከፈለገ ያቆየኝ፣ ጋቢውን ግን አይንካው በልልኝ» ብዬ ለካድሬው ላክሁበት።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ሰፊው ሕዝብ ይፈርዳል ብሏል።»

ቅዳሜ ገበያ ነው። አጨዳቸውን የጨረሱ ደገኞች ከአብርሃ ጅራ በኩል በጭነት መኪና፣ ከገለጉ በኩል በእግራቸው ገብተዋል። ካድሬው መጋዘኑን አስከፈተና በሩ ላይ አቆመኝ።

«የደበቅኸውን በገዛ እጅህ ትሰጣለህ። ትምህርት ይሁንህ።»

ለሕዝቡም ተናገረ። የተደበቀብህን ጨርቅ ተራ በተራ ቀርበህ ውሰድ አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ብዙ ከቆዩ በኋላ አንድ ሸበቶ ጎጃሜ ዱላውን ይዞ ወጣ። አየኝ፣ አየሁት።

«ይቅረቡ አባት» አለ ካድሬው፣ ደስ ብሎት። «ይኼ ከላይ ያለው ይሁንልዎት?»

«የለም፣ ያች ከታች ያለችዋ። ባለ ቀይ ፈትሏ።»

«ሁሉም ጋቢ አይደለም እንዴ?»

«እንዴታ። ያች ግን ዓይኔን ያዘችው፣ ልጄ።»

ከሥር ስቤ ሰጠሁት። አንድ የወሎ ጎልማሳ ተከተለ፤ የሱን ዓይን ደግሞ ባለ ጠፍሯ ያዘችው። ሦስተኛው ጠርዝ ላይ ያለችውን ፈለገ፤ አራተኛው ጀርባዋ ጭስ የነካትን፣ ያውም አዲስ ከጎኗ እያለች። እኔ እሰጣለሁ። ካድሬው ግንባሩን ቋጥሮ ያያል።

የከተማው ድኃም እዚያው ቆሟል፤ ትከሻው በተቀደደ ሸሚዝ። አንዱም እጁን አልዘረጋም። ውሃ እየቀዳች የምታድር አንዲት ሴት ከፊት ነበረች።

«እህቴ፣ አንችስ? ነይ ውሰጅ እንጂ!»

«የኔ እዚያ ውስጥ የለም» አለችው።

ካድሬው የሚቀጥለውን ሰው ጥቅል ከእጄ ተቀበለ። «ሳይፈታ ንገረኝ፤ ምን አለበት?»

«የቀንድ ማንኪያ፣ ጫፉ የተሸረፈ» አለ ሰውየው ሳያስብ። «እናቴ የቋጠረችልኝ ቆሎም ነበረበት።»

ካድሬው ፈታው። የቀንዱ ማንኪያ ዱብ አለ፣ ጫፉ የተሸረፈ። የቆሎው ጨርቅም ወጣ፤ ተበስቷል፣ ባዶ ነው።

ሐጂ ከውስጥ ሆነው፣ «አይጧ ትታሰር!» አሉ።

ገበያው በሙሉ ሳቀ። ሚሊሺያው ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ። ካድሬው ሊችለው ሞክሮ ነበር፤ አቃተውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዞሮ፣ «ቀጥል፣ ለባለቤቶቹ ስጥ» አለኝ። ባለቤቶቹ ያለው ያኔ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ካድሬው ለበላዮቹ ጋቢው በሙሉ ለሰፊው ሕዝብ ተከፋፈለ ብሎ አስታወቀ አሉ። ሐሰት የለበትም። እኔ በማግሥቱ ተፈታሁ፤ ሐጂም ስኳራቸውን አስረክበው ጥቂት ሰንብተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሱቄ ሲመጡ አይጧ ተፈታች ወይ ብለው ሳይጠይቁ አይቀመጡም ነበር።

መጋቢት ላይ፣ ሙቀቱ መተንፈሻ ሲያሳጣ፣ ካድሬው ብቻውን ወደ ሱቄ መጣ። ክንዱ ላይ ከደጋ ይዞት የመጣ የሱፍ ካፖርት አለ።

«ይችን ቢያስቀምጡልኝ» አለኝ። እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የሚለኝ።

«አስቀምጣለሁ። ግን ራስዎ ይቋጥሯት።»

ክር አልያዘም። ጎንበስ ብሎ ከአንድ እግሩ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ ካፖርቱን ጠቅልሎ አሰረበት፣ ልቅ ጫማውን እየጎተተ ሄደ።

ዓመት ሳይሞላው፣ ካፖርቱንም ሳይወስድ፣ በድንገት አዛወሩት። ኋላም ደርግ ወደቀ።

አሁን ሱቁን የያዘችው ልጄ ናት። መንግሥትና ነጋዴ ከሕዝቡ ጋር እንዴት ይኑሩ የሚል ክርክር በሬዲዮ እሰማለሁ፤ ለመመለስ ትምህርቱ የለኝም። የዚያን ቅዳሜ ግን ሦስታችንም አንድ በር ላይ ቆመን ስቀናል፤ ያን አውቃለሁ።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ጥቅሏን አውጥቼ አጥሩ ላይ ፀሐይ አስመታታለሁ። ልጄ፣ «አባባ፣ ለአንዱ ድኃ ብንሰጣት አይሻልም?» ትለኛለች። ድኃው የኔ አይደለችም እንደሚላት አታውቅም። ያ ካድሬ አሁን ሸብቶ ይሆናል። በዚህ ካለፈ ሱቁ እዚያው ነው። ኪሷ ውስጥ ምን እንዳለ ይነግረኛል፣ ይወስዳታል። እኔ አላየሁትም።