ለታንክ የታሰረ ክታብ

የንፋስ መውጫው ይሁኔ በ1991ዱ ጦርነት ታንክ ነጂ ነበር። ሲመለስ ገላው ላይ አንዲት ጭረት አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ በሠርግም በተዝካርም ወሬው አንድ ነው፤ መርጌታ ገብረ ሚካኤል የጻፉለትን ክታብ ይዞ፣ የተተኮሰበት ሮኬት ሁሉ እየሳተው እንዳለፈ። ወሬው መርጌታን አልጎዳቸውም። ከስማዳና ከእስቴ ሳይቀር ክታብ ፈላጊው ሙክቱን እየጎተተ ይመጣላቸዋል።

በ2006 የይሁኔ እህት ልጅ ዘካርያስ ወታደር ሆኖ ታንክ ላይ ተመደበ። ለእረፍት ሲመጣ ለአጎቱና ለመርጌታ በሞባይሉ አንድ ቪዲዮ አሳያቸው። የፈረንጅ ታንክ ነው። የሚመጣበትን ሮኬት በራዳር ያየዋል፤ ሳይደርስበትም ራሱ ተኩሶ አየር ላይ ያፈነዳዋል። መርጌታ መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አዩት። ፈረንጅ ገና አሁን ደረሰበት፣ እኛ ዘንድ ከጥንት ያለ ነው፣ የእኛው ደግሞ ባትሪ አይፈልግም አሉ። ዘካርያስም ለታንኩ ክታብ እንዲጽፉለት ለመናቸው።

የይሁኔ ፊት ጠቆረ። ልጁ ብራና ተማምኖ ሮኬት ፊት ሊቆም ነው። አሥራ አምስት ዓመት የደበቀውን ተናገረ።

መርጌታ ያን ጊዜ ክታቡን አንገት ላይ እሰር ብለውት ነበር። ለራሱ ብቻ ማሰሩ ጓደኞቹን መክዳት መሰለው። የታንክ አንገት የቱ እንደሆነ ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ መድፉ ላይ አሰረው። በመጀመሪያው ተኩስ ክሩ ተበጠሰ። ክታቡን ፍለጋ ወርዶ ሣር ውስጥ ሲዳብስ ሮኬቱ መጣ። ጓደኞቹ ሙላውና ይስሐቅ ታንኩ ውስጥ ነበሩ።

«አልሳተንም» አለ። «ልክ መሃሉን ነው ያገኘው።»



«እንግዲያ አጎቴ፣ አንተን ጠርቶ ያወጣህ ክታቡ ነዋ» አለ ዘካርያስ።

መርጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥፋቱ የክሩ ነው። የአንተን በሽቦ እናስረዋለን።»

ሙክቱ ተሰጠ፣ ክታቡ ተጻፈ፣ ሽቦም ገባለት። ዘካርያስ በሚሄድበት ጠዋት ውጭ ፊቱን ሲታጠብ፣ ይሁኔ ክታቡን ከሻንጣው አወጣ። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጦ፣ ከአሮጌ ጆንያ የመዘዘውን ክር አሰረበት። በጣቱ ጎተት አድርጎ ሞከረው። ለመበጠስ ምንም አልቀረውም፤ ደስ አለው።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘው።

«ክታቡ የወደቀ እንደሆነ፣» አለው፣ «የማንንም ትእዛዝ ሳትጠብቅ ወርደህ ፈልገው።»