የባዶው ወንበር ቀበቶ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። አሜሪካ፣ አትላንታ አቅራቢያ ማሪዬታ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ካለው ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሱ ለዓመታት ያበረሯት አውሮፕላን ሁለት ወንበር ብቻ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1986 ባለቤታቸውና ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ከኢትዮጵያ ተሰደው ካርቱም መግባታቸውን በሰሙበት ሳምንት ሸጧትና ባለ አራት ወንበር ገዙ።

«ያችን የለመዷትን እንዴት ጨከኑባት?» አልኳቸው።

«አራት ልንሆን ነው እኮ» አሉኝ።

ትንሿ ልጅ ግን ቪዛ ስትጠብቅ እዚያው በወባ ሞተች። አትላንታ የደረሱት እናትና ታላቂቱ ልጅ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ወደ ኋላ ዞረው የባዶውን ወንበር ቀበቶ ያስሩ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልቅ ቀበቶ በበረራ ላይ ይወራጫል፤ ደንብ ነው» ይሉኛል። እውነትም ደንብ ነው። እሳቸው ግን አጥብቀው ካሰሩት በኋላ፣ የሚያመው ሰው የተቀመጠበት ይመስል፣ መልሰው ላላ ያደርጉት ነበር።

ዛሬ ከጸሎቱ በኋላ ልጃቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ውሰጂኝ አለችኝ። አውሮፕላኗ አጠገብ ቆመን «አባባ ስለ እህቴ ምን ይልሽ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልዋሻት አሰብኩና አቃተኝ። «ስሟን ሲጠሩ አንድም ቀን አልሰማሁም» አልኳት።

«እኔም እሱን እንዳላሳዝነው ብዬ አልጠራሁትም» አለች። ከዚያ ክንፉን ተደግፋ፣ አትላንታ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የእህቷን ስም ጠራች።