የሚጠላኝ ተማሪና የቅዳሜ ስንቅ

ተማሪ እንደ አበባ ነው፣ ውሃ ካጠጡት ይፈካል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ስንት ዓመት አስተማርህ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙውን ጊዜ አላስተማረም። ወይ ኢንስፔክተር ነው፣ ወይ ግጥም የሚጽፍ ሰው ነው። እኔ የማውቀው ተማሪ አበባ ሳይሆን ሳማ ነው። ሳማም ታዲያ ይበላል፤ አያያዙን ማወቅ ነው እንጂ። እኔ አያያዙን የተማርሁት እጄን እየለበለበኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ዳባት ተመድቤ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የአንዱ ክፍል ኃላፊም ነበርሁ። ብርዱን በወሬ ስለማውቀው ገና ሳልሄድ ጎንደር ሰልባጅ ተራ ገብቼ አንድ የወታደር ካፖርት ገዛሁ። እንደ እኔ ያለ ሁለት ሰው ይይዛል። እጅጌው ጣቴን አልፎ ይንጠለጠላል፤ ጠመኔ ለመያዝ መጀመሪያ እጄን መፈለግ ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ስሜ "ካፖርቱ" ሆነ። "ካፖርቱ መጣ" ይባባላሉ። ልክ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነበር፣ እኔ ቆይቼ ነው የምደርሰው።

ከሁሉም የከፋው ጠላቴ ከበየዳ የመጣ ተማሪ ነው። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢ የደረበ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የተኛ ሰው ተቀምጧል። ወላጅ መሰለኝ።

"አባት፣ የወላጆች ስብሰባ ሐሙስ ነው" አልሁት በትሕትና።

"ሐሙስ መጥቼ ምን ልሁን?"

"ስለ ልጅዎ ልንነጋገር ነዋ።"

"ልጅ የለኝም። ተማሪ ነኝ።"

ክፍሉ በሙሉ አውካካ። እሱ ብቻ አልሳቀም። ቄስ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ዜማ ሲማር ቆይቶ፣ ዘግይቶ ወደ አስኳላ የዞረ ሰው ነው። በዕድሜ ሳይበልጠኝ አይቀርም። ያን ቀን ያሳቅሁበትን ይቅር አላለኝም፤ እኔም ይቅርታ የሚያሰጥ ነገር አላደረግሁም። "አባባ፣ እስቲ ወጥተህ ይህችን ስሌት ሥራልን" እለዋለሁ። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ጠመኔውን ያስቀምጣል። አንድ ቀን ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል ቆም ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ቲቸር፣ ካፖርቱ ከዚህ በፊት የማን ነበር?"

"ምን አገባህ?"

"ሟች እንዳይሆን ብዬ ነው። ለነፍሱ እንድንጸልይ።"

እንዲህ ነበር የምንኖረው።

ከዚያ የቅዳሜው ሥራ መጣ። የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምር አንድ ባልደረባ ነበረን፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ነው። ሁላችንም ጓድ እንባባላለን፣ እሱን ጓድ ስንለው ግን ከወንበራችን ተነስተን ነው። ይሄ ሰውዬ ተማሪው በየቅዳሜው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ገደል ላይ እርከን ይሠራል አለ። ስም ይጠራል፤ ሦስት ቅዳሜ የቀረ ይሰረዛል።

ያን ዓመት መሰረዝ ማለት ወደ ቤት መሄድ ማለት አልነበረም። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚልከው ወጣት ቁጥሩ ተቆርጦ ተሰጥቶታል። የተማሪ መታወቂያ የያዘውን ለጊዜው ያልፈዋል፤ ያልያዘውን ከገበያ መሃል ያፍሰዋል። የተሰረዘ ተማሪ ደግሞ መታወቂያውን በር ላይ አስረክቦ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅለት እናቱ ብቻ ናት። ይህን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም፤ የማያውቅ አስተማሪም አልነበረም።

የበየዳው ሰው ሁለት ቅዳሜ ቀረ። ሊሰረዝ አንድ ብቻ ቀረው። እኔ ደግሞ የክፍል ኃላፊ ነኝና ሰኞ ጠዋት ሁሉም ፊት አስነሳሁት።

"ቅዳሜ የት ነበርህ?"

"ጉዳይ ነበረኝ።"

"የምን ጉዳይ?"

"የራሴ።"

"አሁን የራስ የሚባል ነገር የለም፣ የጋራ ነው" አልሁት፤ የሰብሳቢውን አፍ ተውሼ።

"የጋራ ከሆነማ እርስዎም ያውቁታል" ብሎ ቁጭ አለ።

ጎኑ የሚቀመጡትን ጠየቅሁ። ተማሪ ማለት እርስ በርሱ ለግማሽ ላጲስ የሚካሰስ ፍጥረት ነው፤ አስተማሪ ሲጠይቀው ግን ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ይሆናል። አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጫማው ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል አጎንብሶ ይፈልጋል። ተናድጄ ወጣሁ። ይሰረዝና ያየዋል አልሁ በሆዴ።

ከወር በኋላ የመንጋጋ ጥርሴ ተነሳብኝ። ሦስት ሌሊት በካፖርቴ ተጠቅልዬ ስዞር አደርሁና፣ ቅዳሜ ስም መጥራቱን ለአንድ ባልደረባ ሰጥቼ በጭነት መኪና ደባርቅ ሄድሁ። እዚያ ጥርስ የሚነቅል ድሬሰር አለ ተብዬ ነው። አለ። ሁለት ሰው አስይዞ ነቀለኝ። አፌን በጥጥ ጠቀጠቀና "እስከ ማታ እንዳትናገር" አለኝ። እኔን እንዳትናገር ማለት በቅሎን አትራገጪ ማለት ነው፤ ግን መንጋጋዬ እንደ ዱባ አብጦ ስለነበር ምርጫም አልነበረኝም።

መኪና ፍለጋ በገበያው መሃል ሳቋርጥ የበየዳውን ሰው አየሁት። በበጎች መሃል ቆሟል። ጎኑ አንድ ሸምገል ያለ ባላገር አለ፤ እግራቸው ሥር የተሞላ ስልቻ ተቀምጧል። የስልቻውን አፍ በሶ ነጭ አድርጎታል፤ ከላዩ ድርቆሽ ታስሯል።

ያኔ ገባኝ። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ምግቡ የሚመጣለት ከቤቱ ነው። ወላጁ ቅርብ የሆነ ዓርብ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። በየዳ ግን ሄደህ የምትመለስበት አገር አይደለም፤ መንገዱ ብቻ ሳምንቱን ይበላዋል። ስለዚህ ይሄ ባላገር፣ አጎቱ ኖሯል፣ ደባርቅ ገበያ በግ ሲያወርድ ስልቻውን ይዞ ይመጣል፣ እሱም ከዳባት በእግሩ ገስግሶ ይቀበላል። ካልመጣ ስልቻው ተመልሶ ይሄዳል። "የራሴ" ያለው ጉዳይ ይሄ ነበር። ገበያውም ቅዳሜ፣ እርከኑም ቅዳሜ።

ሳላየው ልለፍ ስል አጎትየው አየኝ። እንዲህ ያለ ካፖርት የሚለብስ የመንግሥት ሰው ብቻ ነው ብሎ ሳይገምት አልቀረም።

"ማናቸው?" አለው ልጁን።

"አስተማሪዬ ናቸው" አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

አጎትየው ባርኔጣውን አወለቀ። ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳኝ።

"እንደምን ሰነበቱ የኔታ። እግዜር ይመስገን አገኘሁዎ። ልጁ ይማርልኛል?"

የኔታ። ጢሜ እንኳ በወጉ ያልወጣውን እኔን። "ጎበዝ ነው" ልል አፌን ብከፍት ጥጡ ሊወጣ ሆነ፣ መልሼ ዘጋሁት። "እምም" የሚል ድምፅ ብቻ ወጣኝ።

"ዝም አሉ" አለ አጎትየው፣ ፊቱ ጠቆረ። "የኔታ ዝም ካሉማ ነገር አለ። አስቸግሯል?"

አይደለም ለማለት ሁለት እጄን አወናጨፍሁ። እጅጌው ደግሞ ከእጄ አልፎ ስለሚወናጨፍ ዝንብ የማባርር ነው የምመስለው።

"እንዲህ እጅዎን እስኪያወናጭፉ ካደረሰዎትማ!" አለና በትሩን አነሳ። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰውን ሰው በገበያ መሃል፣ በግ ሻጭ በግ ገዢ እያየ፣ ጀርባው ላይ አሳረፈበት። ደገመው። እኔ መሃል ገባሁ፤ በሦስተኛው እኔም ትከሻዬ ላይ ቀመስሁ፣ ካፖርቱ ተቀበለልኝ እንጂ።

ተማሪዬ አልተንቀሳቀሰም። የሚያየው አጎቱን ሳይሆን እኔን ነው። በከንፈሬ በኩል የፈሰሰውን ደም አየና ፈገግ አለ።

"ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ የኔታ" አለ አጎትየው እያለከለከ። "ሌላውን ለርስዎ ሰጥቻለሁ።"

ሰኞ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሰብሳቢው፣ ሁልጊዜ ዝም የሚለው ዳይሬክተራችን፣ እኔ። የበየዳው ሰው ሦስተኛዋን ቅዳሜ ቀርቷል።

"የክፍል ኃላፊው ፈርም" አለ ሰብሳቢው፣ ወረቀቱን እየገፋልኝ።

"ስንቁን ሊቀበል ነው የሄደው። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እርከን ከበሶ ይበልጣል።"

"እርከኑን የሚሠራው በሶው ነው እኮ ጓድ።"

"ቀልድህን ለክፍልህ።"

"ክፍሌ አይስቅልኝም።"

ብዕሩን አቀበለኝ። ብዕሩን ይዤ ሳለሁ አፌ ብቻውን ተናገረ። ጥጡ ወጥቶለት ሁለት ቀኑ ነው፣ የከረመበትን ማውጣት ፈልጎ ይሆናል። "እኔ ነኝ የወሰድሁት" አለ። "ጥርሴን ስነቀል የሚደግፈኝ ሰው ፈልጌ።"

ዳይሬክተሩ ቀና አለ። ሰብሳቢው ሞኝ አልነበረም።

"የሚጠላህን ተማሪ?"

"ሌላ ከየት ላምጣ? የሚወደኝ የለም።"

"ይጠራ" አለ።

ለልጁ የነገርሁት ነገር የለም። እንዲህ ብዬልሃለሁ፣ እንዲህ በል ያልሁት የለም። "አልወሰዱኝም" ካለ እሱ ወደ ቀበሌ፣ እኔ ደግሞ ለኮሚቴ የዋሸ አስተማሪ ወደሚላክበት። የት እንደሚላክ አላውቅም፤ ያላወቅሁትም ከዚያ መጥቶ የነገረኝ ሰው ስለሌለ ነው። ካፖርቱን እስከ አገጬ ቆለፍሁት።

ገባ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ቆመ።

"ቅዳሜ የት ነበርህ?" አለው ሰብሳቢው።

"ደባርቅ።"

"ከማን ጋር?"

ወደ እኔ ዞረ። ያን አስተያየት የምረሳው ስሞት ነው።

"ከርሳቸው ጋር ተገናኝተናል።"

"ምን ያደርጉ ነበር?"

"ጥርስ ተነቅለው አፋቸው ይደማል። መናገር ተስኗቸው ነበር።"

"አንተስ ምን አደረግህ?"

"አየኋቸው።"

"ዝም ብለህ?"

"ደስ እያለኝ።"

ዳይሬክተሩ ሳል ያዘው። ሰብሳቢው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየና ብዕሩን ከእጄ ወሰደ።

"ይሄ እውነት ነው" አለ። "እንዲህ የሚጠላህ ሰው ላንተ ብሎ አይዋሽም።" ሦስተኛዋን ቅዳሜ ሰረዛት።

ተከትዬው ወጣሁ። ሰው ነኝ፣ አንዲት ቃል ጠብቄያለሁ።

"እኔ አልዋሸሁም" አለኝ ሳይዞር። "እርስዎ ግን ዋሽተዋል።"

"ለማን ብዬ?"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ። አጎቴ እስካሁን ወሮበላ እንደሆንሁ ነው የሚያምነው።"

"ሲመጣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።"

"በየትኛው አፍዎ?" ብሎኝ ሄደ።

ነገሩ እዚህ አላለቀም፣ ሁለቱ ቅዳሜዎች አሁንም ተጽፈውበታል። አንዲት ቀን ከቀረ አለቀለት፤ አጎቱ ደግሞ እንደገና በግ ማውረዱ አይቀርም። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ክፍል ገብቼ "ስንቅ የሚቀበል ካለ ዓርብ መጥቶ ይንገረኝ፣ አስፈቅዳለሁ" አልሁ። አንድም ሰው አልመጣም። የበየዳው ሰው የቄስ ተማሪ ሳለ በየደጁ "ስለ ማርያም" ብሎ ሲለምን አያፍርም ነበር፤ የሚለምነው በሷ ስም ነው። ለእኔ "እህል አልቆብኛል" ማለት ግን በራሱ ስም መለመን ነው፣ ያውም ከሚጠላው ሰው። መልሱ ርሃብ የሆነ ጥያቄ ለተማሪ በሰው ፊት አይጠየቅም። ለብቻውም ቢሆን አይጠየቅም። ከማሠልጠኛ ይዤው ከመጣሁት ደብተር ውስጥ ይህን የሚል ገጽ አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲያ የቅዳሜውን ስም የምጠራው እኔ ብቻ ሆንሁ። አንገቴን ኮሌታው ውስጥ ቀብሬ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳልል እጠራለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዳባት ላይ ሰው ቀና እንዲል የሚያደርግ አየር የለም፤ ማንም አልጠረጠረኝም። አጎትየው የሚመጣበት ቅዳሜ ደረሰና የበየዳውን ሰው ስም ጠራሁ። ዝም። ሰብሳቢው ከገደሉ ማዶ ዶማ ያከፋፍላል። አንድ ጊዜ ደግሜ ጠራሁ፣ ዝቅ አድርጌ።

"አቤት" አለ አንድ ድምፅ ከፊት ረድፍ። ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ ልጅ ናት፤ ዶማው ከሷ ይረዝማል።

የሳቀ የለም። እንደነበረ ጻፍሁና ወደሚቀጥለው ስም አለፍሁ። ለዚያኛውም እሷው ናት አቤት ያለችው፤ ድምፅዋን ትንሽ ለማወፈር ሞከረች።

ሰኞ በሒሳቡ መሃል የበየዳው ሰው እጁን አወጣ። በዓመቱ እጁን ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው።

"ቅዳሜ ድምፄ እንዴት ነበር ቲቸር?"

ሁሉም ወደ ትንሿ ልጅ ዞረ።

"ቀጥኗል" አልሁት። "ጉንፋን ይዞህ ነው።"

"ገበያ ባለ ቁጥር ይይዘኛል" አለ፣ ፊቱን አንዲት ጡንቻ ሳያንቀሳቅስ፣ ደብተሩንም ገለጠ። ዕርቅ ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ በነጋታው ሰላም ስለው ጋቢውን ወደ ሌላኛው ትከሻ አዙሮ አለፈኝ።

ዛሬ ዛሬ ወጣት አስተማሪዎች መጥተው ተማሪን እንዴት ነው የሚይዙት ይሉኛል። እንዲወዳችሁ አትልፉ እላቸዋለሁ። እናንተም ካልወደዳችሁት አይዟችሁ፤ ደሞዙ ለፍቅር አይደለም። ግን የሚጠላችሁም ሰው ቢሆን ቅዳሜ ገበያ መሄድ አለበት፤ እሱን አትንኩበት። ደስ የሚል ምክር አይደለም። ያን የአበባውን የሚፈልጉት ወደ ኢንስፔክተሩ ይሄዳሉ።

ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ተፈትኖ አለፈ። ሌሎቹ ሊሰናበቱኝ መጡ፣ አንዱ እንቁላል ይዞ፣ አንዱ ባዶ እጁን። እሱ አልመጣም። ከመምህራን ክፍል መስኮት ሆኜ ስልቻውን ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት። በር ላይ የቀበሌው ታጣቂ አስቆመው። ስልቻውን አወረደ፣ ኪሱ ገባ፣ መታወቂያውን አሳየው። ታጣቂው አገላብጦ አየና መለሰለት። ስልቻውን መልሶ ተሸከመ፤ መስኮቱ ላይ መቆሜን ያውቃል፣ ዞር ብሎ ግን አላየኝም፤ የደባርቅን መንገድ ይዞ ሄደ።