ግድግዳ በሌለው ቤት የተቀዳ ዘፈን

የሳፋኡላ መንደር ሰው ሮፔቲን «ሌባው» ብሎ የሚጠራው በፍቅር ነው። ከዘፈን በቀር ሰርቆ አያውቅም፤ ዘፈኑንም ቢሆን የሚሰርቀው ከባሕር ማዶ ካለ፣ ፊቱን ማንም አይቶት ከማያውቅ ድርጅት ነው። ፓስተሩ እንኳ ስለ ሌብነት ሲሰብኩ ዓይናቸው ሮፔቲ ላይ እንዳያርፍ ይጠነቀቃሉ። የመዘምራኑን መዝሙር ሁሉ በነፃ የሚጭንላቸው እሱ ነዋ።

ባሕር ተሻግራ ኦክላንድ የምትኖር ማሊያ የምትባል የአክስቱ ልጅ በየወሩ ለአንድ የሙዚቃ አገልግሎት ትከፍላለች፤ የይለፍ ቃሏንም ለሮፔቲ ሰጥታዋለች። በዚያች ቃል የዓለም ዘፈን ሁሉ ስልኩ ላይ ይወርዳል። ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ድርጅቱ እያንዳንዱን ዘፈን ቆልፎ ነው የሚልከው። ወደ ሚሞሪ ካርድ ቢገለብጡት እሺ ብሎ ይገለበጣል፤ ካርዱን አውቶብስ ላይ ሲሰኩት ግን እንዳኮረፈች ሙሽራ ጭጭ ይላል። ዋና ከተማው አፒያ ያሉ የተማሩ ሌቦች ቁልፉን የሚፈታ ፕሮግራም አላቸው ይባላል። ሮፔቲም አንዱን ከገበያ አምጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ቢጭነው፣ ፕሮግራሙ የዘፈኑን ቁልፍ ትቶ የኮምፒውተሩን ነፍስ ይዞ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ የራሱን መላ ዘየደ። ዘፈን ምንም ያህል ቢቆለፍ መዘፈኑ አይቀርም፤ ጆሮ የሰማውን ደግሞ መቅጃ ይሰማዋል። ስልኩን ከአንዲት አሮጌ መቅጃ ጋር በሽቦ ያገናኝና ያዘፍነዋል፤ መቅጃዋ አጠገቡ ተቀምጣ ትቀዳለች። አንድ ሰዓት የሚዘፈነውን ለመስረቅ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቀርፋፋ ሌብነት ነው፤ ግን አንድም አውቶብስ ካርዱን አልቀበልም ብሎት አያውቅም። አውቶብሶቹ መንገደኛ የሚሻሙት ደግሞ በዘፈን ነው። ዘፈኗ ያረጀባት አውቶብስ ገበያው በር ላይ ዝንብ ስትቆጥር ትውላለች።

እንግዲህ ዐርብ ዕለት ሽቦውን አይጥ በላችው።

ኢዮፑ፣ የመንደሩ አውቶብስ ሹፌር፣ ለቅዳሜ አዲስ ካርድ ካልደረሰለት ሌላ ሌባ እንደሚፈልግ ቀደም ብሎ ዝቶ ነበር። ስለዚህ ሮፔቲ ስልኩን ምሰሶና ጣራ ብቻ በሆነው ቤታቸው ወለል ላይ አስቀመጠ፣ የመቅጃዋን አፍ ወደ ስልኩ አዞረ፣ እናቱን ሳላፋይንና ከሳቫይ ደሴት በእንግድነት የመጣችውን አክስቱን ዘፈኑ እስኪያልቅ ትንፍሽ እንዳትሉ ብሎ ለመነና ወደ መዝሙር ልምምድ ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ሰሌን እየሠሩ ነበር፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ቢቀሩ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አፒያ ገበያ በር ላይ ካርዱን ለኢዮፑ አስረከበው። ኢዮፑ ለመልሱ ጉዞ እንደሚከፍተው ነግሮት መንገደኛ ሊጠራ ሄደ። ሮፔቲ ጥላ ሥር ተቀምጦ ኮኮናት ገዛ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የራሱን ሥራ ለማድነቅ ተዘጋጀ። ስልኩ ላይ ያስቀረው ያንኑ ቅጂ ነው። ጥሩ ነበር። ትንሽ ይርቃል፣ አንዴ ውሻ ይጮኻል፣ ግን ጥሩ ነበር። ከዚያ ስለ ባሕር የሚያወራው ያ ለስላሳ ዘፈን መጣ። መሐሉ ላይ ጊታሩ ለብቻው የሚቀርበት፣ ዘፋኙም ትንፋሹን የሚሰበስብበት ቦታ አለ። እዚያች ጸጥታ ላይ የእናቱ ድምፅ ገባ።

«ታኡፋ ለቀብሩ ያቀረበው ሰሌን እኮ የቅድመ አያቱ አይደለም» ትላለች ሳላፋይ፣ ቅጠል ስትሰነጥቅ እየተሰማ። «እኔ ነኝ የሠራሁት። በሻይ ቀቅዬ፣ በጢስ አጥኜ አሮጌ አስመሰልኩት። ያ ሁሉ ባላባት ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሲያስነካው ሳቄን ዋጥኩ።» አክስቱ ደግሞ ሳቋን አልዋጠችም።

ሮፔቲ ኮኮናቱ ከእጁ ወደቀበት።

ከእናቱና ከባለ ሰሌኑ በቀር ነገሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የአለቃ ታኡፋን የዘር ሰሌን፣ በስም የሚጠራውን፣ ብል በልቶት ነበር። በዚያ አገር ከአያት የወረደ ሰሌን ሳያቀርቡ ወደ ትልቅ ሰው ቀብር መሄድ ለአንድ አለቃ ራቁት ከመሄድ አይተናነስም። ስለዚህ ታኡፋ ማታ ማታ ወደ ሳላፋይ ቤት ተመላለሱ። እሷም ሠራች። ቤቷ የቆመበት መሬት የሳቸው ነው፤ የምታበስልበት ዳስም የአትክልት ቦታዋም። ሥራው ሲያልቅ እሳቸው ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፍሽ እስከተዘጋ ቤትሽ ክፍት ነው አሏት። አሁን አፏ ሚሞሪ ካርድ ላይ ተከፍቶ አውቶብስ ውስጥ ተሰክቷል። አውቶብሱም የአለቃ ታኡፋ ነው።

ሮጠ። አውቶብሱ ሞተሩን አስነስቶ፣ ሙዚቃው የእንጨት ጎኑን እያንቀጠቀጠ ነበር። አለቃ ታኡፋ ከሹፌሩ ጎን ባለችው የዘወትር ቦታቸው ላይ፣ ሣጥን የሚያህል ድምጽ ማጉያ ጉልበታቸው ስር አድርገው ተንሰራፍተዋል። ሮፔቲ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ያዘና ወደ ኢዮፑ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ካርዱን መልስልኝ። ተበላሽቷል።»

«እየዘፈነ እኮ ነው፣ ወንድሜ። ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ወደ በኋላ ላይ ይበላሻል።»

ኢዮፑ በመስታወቱ አየው። እንደ ሹፌር ሳይሆን እንደ ሐኪም ነበር ያየው። ማጫወቻው እንደሁ የመዝለያ አዝራሮቹ ካለቁ ቆይተዋል፤ የማይዘሉት ዘፈን ማለፍ ያለበት እንደ ዝናብ ተጠብቆ ነው። ካርዱን መንቀል ብቻ ነበር መፍትሔው። ሮፔቲ እጁን በሹፌሩ ትከሻ ላይ አሳልፎ ወደ ማጫወቻው ሲሰድ የአለቃው ድምፅ መጣ። ተወው፣ ደስ ይላል አሉ፤ ሮፔቲም እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

አሁንም ቅርብ ነበር። አለቃው ለአፍታ በመስኮት ቢያዩ፣ ኢዮፑ አንድ ጊዜ ቢያስነጥስ፣ ይነቅለዋል። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ግን አንዲት የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አሮጊት ዲያቆን ቅርጫታቸውን ይዘው ተሳፈሩ። ሽማግሌ ሲሳፈር ታናሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይህን ልማድ የሚጥስ ልጅ እናቱን ያሰድባል። ሮፔቲ ተነሥቶ አንድ ወንበር ወደ ኋላ ሄደ። ቀጥሎ ባልና ሚስት ተሳፈሩ፤ ሁለት ወንበር ሄደ። ከዚያ የመምህራን ማኅበር ከስብሰባ ሲመለስ አገኛቸውና አውቶብሱ ጢም አለ። ወንበር ሲያልቅ ሰው በሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ወንበር ባለቀ ጊዜ ሮፔቲ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሁለት ማዳበሪያ ጎደሬ መሐል፣ ጭኑ ላይ የመንደሩ ራግቢ ቡድን ምሰሶ የሆነ ፋላኒኮ የሚባል ጎረምሳ ተጭኖበት ተገኘ።

«ከበድኩህ እንዴ፣ ሌባው?» አለ ፋላኒኮ።

«ተነሥ እስቲ አንዴ። ወደ ፊት ልሂድ።»

«ወዴት ልነሣ? በጣራው ልውጣ?»

ዘፈኖቹ በቅደም ተከተላቸው እየመጡ ነው። ሬጌው አለቀ። የሠርጉ ዘፈን አለቀ። መሐል ላይ የተቀመጡ ልጃገረዶች ካርዱን ማን እንደሠራው ጠይቀው ወደ ሮፔቲ ዞረው አጨበጨቡለት። በሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት ያኮራው ነበር። ውሻው ሲጮህ አንዲት ሴት የራሷ ውሻ መስሏት በመስኮት አየች፤ ሰውም ሳቀ። ሮፔቲ ግን አንድ ነገር ገባው፤ ውሻው እንዲህ ጥርት ብሎ ከተሰማ እናቱ እንዴት እንደምትሰማ።

አውቶብሱ ተራራውን መውጣት ሲጀምር ስለ ባሕር የሚያወራው ዘፈን ጀመረ። ሮፔቲ ያን ጊዜ ትንሽ ተስፋ አደረገ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ እንደ ታረደ አሳማ ነው የሚጮኸው፤ ምንም ቃል አይሰማም። ዳገቱ እንዲረዝም ጸለየ። ኢዮፑ ማርሽ ቀየረ። ሞተሩ ጮኸ፣ ዘፋኙ ዘፈነ፣ አለቃ ታኡፋ በጣታቸው ጉልበታቸውን መቱ። ከዚያ መንገዱ ጫፉ ላይ ደረሰና ወደ ባሕሩ ዞረ። ኢዮፑ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። አውቶብሱ ጸጥ አለ። ዘፋኙም ትንፋሹን ለመሰብሰብ ጸጥ አለ። ጊታሩ ብቻ ቀረ።

«ታኡፋ ለቀብሩ ያቀረበው ሰሌን እኮ…»

የአለቃው ጣት ጉልበታቸው ላይ እንደቆመ ቀረ።

ሮፔቲ አላሰበም። ቢያስብ ኖሮ በመስኮት ይዘል ነበር። ፋላኒኮ ጭኑ ላይ እንዳለ፣ ሳንባው ውስጥ የቀረችውን ትንሽ አየር ይዞ፣ እሑድ መጀመሪያ የሚዘመረውን መዝሙር ጮክ ብሎ አነሣው። ፍየል በጆንያ ውስጥ የምትጮህ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ዞረ። የቅዳሜ አውቶብስ ውስጥ ምን ነክቶት ነው ያለም ነበር። ግን በዚያ አገር የተጀመረ መዝሙር ብቻውን አይተውም። አሮጊቷ ዲያቆን ቅርጫታቸውን አስተካክለው ሁለተኛውን ድምፅ ያዙ። መምህራኑ ተከተሉ። መዝሙር ሲዘመር ዘፈን መልቀቅ ደግሞ ነውር ነውና ኢዮፑ ድምፁን ለመቀነስ እጁን ሰደደ። ከእሱ በፊት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከፊት ወንበር፣ ከሁሉም ይልቅ የሚወፍር ድምፅ ተነሣ። አለቃ ታኡፋ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲያ ዘምረው አያውቁም፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ የባሕሩም ዘፈን የሳላፋይም ወሬ የአክስቲቱም ሳቅ ሁሉ በዚያ ድምፅ ሥር ተቀበረ። መዝሙሩ ሲያልቅ እሳቸው ደገሙት። ሁለተኛውን ሲጨርሱ ሦስተኛውን አነሡ። እንደዚያ እየዘመሩ መንደር ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ያን ጉዞ «መንፈስ የወረደበት ቅዳሜ» ሲል ይኖራል፤ ማንም ከዘፈኑ መሐል የሰማውን አላስታወሰም፣ ወይም የሰማ ካለ የአለቃው አንገት አስረስቶታል።

ሁሉ ከወረደ በኋላ አለቃው ለኢዮፑ መዳፋቸውን ዘረጉለት። ኢዮፑ ካርዱን ነቅሎ አስቀመጠላቸው። ደረታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱትና ሮፔቲን በጣታቸው ጠሩት። እግሩ ከፋላኒኮ ክብደት የተነሣ ደንዝዞ ነበር፤ እያነከሰ ሄደ።

«ስንት እንደዚህ ዓይነት አለህ?» አሉት።

«ካርዱ አንድ ብቻ ነው፣ ጌታዬ። ስልኬ ላይ ያለውን አሁኑኑ…» አለና እያዩት አጠፋው።

አለቃ ታኡፋ ወደ ባሕሩ ዞሩ። ሮፔቲ ቤቱን አየ፤ ምሰሶውን፣ ጣራውን፣ እናቱ ጎንበስ ብላ የምትሠራበትን ወለል። ቃሉ ሊመጣ ነው ብሎ ጠበቀ። ዕቃችሁን ሰብስቡ የሚለው ቃል።

«ዘፈኑ ውስጥ ዶሮ ጮኸች» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ጌታዬ። ቤታችን ግድግዳ የለውም።»

«ዶሮይቱን አውቃታለሁ። ጥሩ እንቁላል ትጥላለች፤ እንደሷ የምትጥል በዚህ ወገን የለችም።» ኪሳቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ግን እንቁላል ጥላ የምትጮኽ ዶሮ ጎጆዋን ለጭልፊት ታሳያለች። ንገራት።»

ሮፔቲ ለሳላፋይ ነገራት። ቅጠሉን ከእጇ አስቀመጠች፤ እስከ ማታው ጸሎት ድረስም አላነሣችውም። አክስቱ በማግስቱ ወደ ሳቫይ የምትመለስበት ጉዳይ ድንገት ትዝ አላት። ከዚያ በኋላ ሳላፋይ ስልክ ባለበት አታወራም። ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ ስልኩን በጨርቅ ትሸፍናለች።

በሳምንቱ ኢዮፑ አውቶብሱን በራቸው ላይ አቁሞ አንድ ትልቅ ጥቅል አወረደ። አለቃ ታኡፋ ልከውት ነው፤ የአማታቸው ወንድም እንደሞተ፣ ቀብሩም ትልቅ እንደሚሆን ኢዮፑ ለመንደሩ ሁሉ ሲያወራ አመሸ። ጥቅሉ ውስጥ የተቀቀለና የነጣ፣ ለሰሌን የሚሆን ምርጥ ቅጠል ነበር። ቅጠሉ ላይ ደግሞ ከነፕላስቲኩ አዲስ የመቅጃ ሽቦ ተቀምጧል።

ሮፔቲ ሽቦውን ከስልኩ ወደ መቅጃዋ ሰካው። ስለ ባሕር የሚያወራው ዘፈን ጀመረ፤ ኢዮፑ እንደገና ፈልጎት ነበር። ሳላፋይ የመጀመሪያውን ቅጠል እየሰነጠቀች ወደ መቅጃዋ በከንፈሯ ጠቆመች።

«አሁንስ አይሰማም?»

«በሽቦ እኮ ነው፣ እማዬ። ከዘፈኑ በቀር ምንም አይገባም።»

መቅጃዋን አየቻት። ከዚያ ጨርቁን አንሥታ ሸፈነቻትና፣ ዝም ብላ መሥራቷን ቀጠለች።