ወንድሜን ለጡት ልጅነት የሰጡት ቀን

የሙት ልጅ ሲባል ሰው ሁልጊዜ የሚያለቅስ ልጅ ይመስለዋል። እኛ አላለቀስንም፤ ርቦን ነበር። አባታችን ጣሊያንን ሊወጋ ዱር ገብቶ እዚያው ቀረ። ቤታችን በተቃጠለ ሰሞን ደግሞ እናታችንን ተስቦ ወሰዳት። እኔና ገና ነፍስ ያላወቀ ወንድሜ አማኑኤል አጠገብ ካለው አጎታችን ቤት ተጠጋን። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሬዎቹን ባንዳ ነድቶበት በምን ይረስ? ለራሱ ልጆችም የሚያጎርሰው አጥቶ ነበር። ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ጠላሁት፤ እንዴት አድርጌ እንደ ጠላሁት!

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከመርጡለ ማርያም አገር ባልና ሚስት ሽማግሌ ይዘው ወንድሜን ሊወስዱ መጡ። ልጅ አልወለዱም። በአገራችን ወግ፣ መካን የሰው ልጅ ወስዶ የጡት ልጅ ያደርጋል። ሰውዬው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ይሰጠዋል፤ ልጁ በሽማግሌ ፊት ከጠባ የእሱ ሆነ፣ አለቀ። አልጠባም ያለውን ግን በግድ የሚወስድ የለም።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንቺ ዲማ አክስትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ፤ ለሥራ ደርሰሻል» አለኝ አጎቴ።

«እምቢ! አንለያይም! እናቴ እሱን ለእኔ ነው አደራ ያለችው!»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ! ሽማግሌ ፊት?»

አንዱ ሽማግሌ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «ተይ ልጄ፣ የባሰ አታምጣ በይ። እሱ እንኳ ጠግቦ ይደር» አሉ።

ወንድሜን ጓሮ ወስጄ ጉንጮቹን ያዝኩ።

«የኔ ጌታ፣ ሰውዬው ጣቱን ሲሰጥህ አፍህን እንዳትከፍት። ጥርስህን ግጥም! እሺ?»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«እቴቴ ትሙት» አለ። እቴቴ የሚለው እኔን ነው።

ሽማግሎቹ ደጅ ተቀመጡ። ሰውዬው እጁን ታጥቦ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረ። ወንድሜ ጥርሱን ግጥም አድርጎ እኔን እኔን ያያል። ጎበዝ! ጣቱ ከንፈሩን ነካው፤ አልከፈተም። ማሩ ግን ወደ አገጩ መውረድ ሲጀምር ምላሱን ብቅ አድርጎ ላሰው። ዓይኑ ፈጠጠ። ቤታችን ከተቃጠለ ወዲህ ጣፋጭ ነገር በአፉ አልዞረም። የሰውዬውን እጅ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ይጠባ ጀመር።

የጎረቤት ሴቶች እልል አሉ። ወይኔ ብዬ ልሮጥ ስል አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። ምን ላደርግ? ወንድሜ ፊቱ በማር ተለውሶ ወደ እኔ ዞረና ሳቀ።

«እቴቴ፣ ነይ ጥቢ! ላንቺም ይሰጥሻል!»