ሁለቱ ቁልፎች

የኤሌክትሪክ መኪናዬን የገዛሁት አዲስ አበባ ከሚኖር ሰው ነው። እንዳልታለል ተጠንቅቄ፣ በምስክሮች ፊት ተፈራርሜ፣ ሁለቱንም ቁልፍ ተቀብዬ ወደምኖርበት ሚዛን ከተማ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ተደዋውለን አናውቅም።

ባለፈው ወር አባቴ አረፈ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሚዛን አጠገብ አማን ከተማ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው ደወለ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ። ማን ነው ያረፈብህ?»

«አባቴ። ማን ነገረህ?»

«ማንም። መኪናዋ ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል በር ላይ ስትቆም ሰነበተች፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመለሰች። እስካሁን ከስልኬ መተግበሪያ ጋር እንደተገናኘች ስለሆነች የት እንዳለች ያሳየኛል።»

እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ቁልፎቹን ዳሰስኩ።

«በሯንም ሳትቆልፍ ነው የገባኸው» አለኝ በሐዘኔታ።

ሁለቱም ቁልፎች በእኔ እጅ እያሉ፣ ከድንኳኑ ውጭ መኪናዋ ጢጥ ብላ ተቆለፈች።